የእናቶቻችን ንቅሳት ጠባሳ አይደለም፦ ስለ ንቅሳት ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ንቅሳት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው የጎንደር ሰው ናቸው። ከተማዋን እንደሚወዷት ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። በጥምቀት ሰሞን አፄ ፋሲል መዋኛ አካባቢ ክንዳቸውንና አንገታቸውን የተነቀሱ ወጣቶች በዝተው አዩ፤ አዘኑ፤ ጻፉ። ንቅሳት ከምዕራብ የመጣ የባዕድ ልማድ ነው ይላሉ። የእናቶቻችንን ንቅሳት ሲያነሱ ደግሞ «የድንቁርና ዘመን ጠባሳ» ይሉታል፤ በግድ የተደረገባቸው ነው ባይ ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ይከለክለዋል፣ በታሪክም የባሪያና የወንጀለኛ ምልክት ነበር፣ ለጤናም ጠንቅ ነው ብለው ይቀጥላሉ። ሲጨርሱ አንድ ሐሳብ ያቀርባሉ። የጤና ባለሙያዎች ተሰባስበው የእናቶችን ንቅሳት በሌዘር የሚያጠፋ ነጻ ዘመቻ ይጀምሩ፤ «ይህ ትውልድ ከነጠባሳው እንዳያልፍ»።

ከተባለው ብዙው ላይ አልስማማም። የምስማማበትም አለ፤ እሱንም ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። ብዕር ያስነሳኝ ግን የመጨረሻው ሐሳብ ነው። የእናቶቻችን ገላ ላይ ያለው ሥራ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሳይጽፈው፣ ሳይስለው እያለቀ ነው። ዘመቻ ሳይጨመርበትም ጊዜው አጭር ነው።

ከ«ባዕድ ልማድ» ልጀምር። ጸሐፊው ማስረጃ የሚያደርጉት ፒያሳ የሚታዩትን ልጆች ነው። የውጭ ኳስ ተጫዋች አይተው ነው የተነቀሱት ይላሉ። የአንዳንዱ እውነት ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ መነቀሻው ማሽንም የውጭ ነው። ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ ነቃሽ በ1891 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። መነሻው ቶማስ ኤዲሰን ጽሑፍ ለማባዛት የሠራው የኤሌክትሪክ ብዕር ነበር። እዚህ ድረስ አንጣላም።

ልማዱ ራሱ የማን ነው ሲባል ግን መልሱ ከምዕራብ ይልቅ ወደኛ ይቀርባል። ላይኛው ግብፅ ውስጥ ገበለይን ከሚባል ቦታ የተገኙ፣ ከ5,000 ዓመት በላይ የሆናቸው አስከሬኖች አሉ። አሁን ያሉት ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በኢንፍራሬድ ካሜራ ሲታዩ የወንዱ ክንድ ላይ ኮርማና የዱር በግ ተነቅሶ ተገኘ። የሴቷ ትከሻ ላይ ደግሞ የተጠማዘዙ ትንንሽ መስመሮች ነበሩ። ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖረችው አሙኔት የተባለች የግብፅ የቤተ ጣዖት አገልጋይም ሆዷና ክንዷ በነጥብና በመስመር የተነቀሰ ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ዓባይ ዳር ነው። ከጣና የሚወጣው ውሃ በሚደርስበት አገር ማለት ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የምታስደንቀኝ ግን ከሱዳን የተገኘችው ሴት ናት። የኖረችው በ700 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ያን ጊዜ አካባቢው ኑቢያ ይባላል፤ የክርስቲያን አገር ነበር። ጭኗ ላይ፣ ሰው በማያየው ቦታ፣ የቅዱስ ሚካኤል ስም በግሪክ ፊደላት ተጣምሮ ተነቅሷል። ለጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው የሚያየው ቦታ ላይ ታደርገው ነበር። ይህች ሴት የሩቅ ሰው አይደለችም። የጎንደር ነጋዴ በመተማ በኩል እየወረደ ሲሄድበት የኖረው አገር ሰው ናት።

ግብፃውያን ክርስቲያኖችም እስከ ዛሬ በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ መስቀል ይነቀሳሉ። ልጆቻቸውንም ያስነቅሳሉ። ኢየሩሳሌም ተሳልሞ የመጣ ሰው ክንዱ ላይ ምልክት ይዞ መመለሱም የብዙ መቶ ዓመታት ልማድ ነው። በድሮዋ ኢየሩሳሌም በእንጨት ማኅተም ቅርጹን ቆዳ ላይ አትሞ በመርፌ መከተል ከአባት ለልጅ ሲወረስ ኖሯል። በእኛም ቤት «ኢየሩሳሌም ደርሼ መጣሁ» የሚል ሰው ክንዱን ገልጦ ሲያሳይ አይተናል።

ምዕራቡስ? እሱም የራሱ ነበረው። በ1991 እ.ኤ.አ. በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ የተገኘው ከ5,300 ዓመት በፊት የሞተ ሰው ገላው ላይ 61 ንቅሳት ተቆጥሯል። በኋላ ግን አብዛኛው አውሮፓ ልማዱን ተወው። እንደገና በሰፊው የተዋወቀው ከ1769 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ የእንግሊዙ ካፒቴን ኩክ መርከበኞች ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ታሂቲ ደርሰው የተነቀሱ ደሴተኞችን ሲያዩ። ስለዚህ ዛሬ ፒያሳ ላይ ክንዱን የተነቀሰ ልጅ የአውሮፓን ንብረት ወሰደ ማለት አይቻልም። አያቱ ቤት የነበረውን ነገር በሌላ በር ገብቶ አገኘው እንጂ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። «የድንቁርና ዘመን ጠባሳ» የሚለው አባባል አሞኛል። ጸሐፊው አንዲት ነቃሽ አጠገብ ተቀምጠው አነጋግረው ቢሆን ኖሮ ይህን የሚጽፉ አይመስለኝም።

ነቃሿ ሴት ናት። ቀለሙ ከኩራዝ ወይም ከድስት ቂጥ የተሰበሰበ ጥላሸት ነው፤ በቅጠል ጭማቂ ወይም በውሃ ይለወሳል። መሣሪያው እሾህ ነው፤ አለዚያም አንድ ላይ የታሰሩ መርፌዎች። መጀመሪያ ቅርጹ በጥላሸቱ ይሰመራል። ከዚያ መስመሩን እየተከተሉ መውጋት ነው። ደሙ ይጠረጋል፤ ጥላሸቱ ይታሻል። ያብጣል፣ ይቆስላል፤ ከዚያ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ ሲነሳ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያደላ መስመር ይቀራል። ብዙ ሰው ያን መልክ የሰጠው ቅጠሉ ይመስለዋል። ዕድሜ ልክ የሚቆየው ግን የጥላሸቱ ካርቦን ነው። ጥቁር ነገር ከቆዳ ሥር ሲቀመጥ፣ ብርሃኑ በቆዳው ውስጥ ስለሚበተን ሰማያዊ መስሎ ይታያል።

ይህን ሥራ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ትንቀሳቀሳለች። ነቃሿ አንገቷን ዞሮ የሚገጥም መስመር መሥራት አለባት። ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። የተሳሳተ ነጥብ አይፋቅም። ልጅቷ ስታድግ፣ ስትወፍር፣ ስታረጅ እንኳን ቅርጹ እንዳይበላሽ አስባ ነው የምትሠራው። በቆዳ ላይ እንዲህ የሚሥል እጅ ብራና ላይ ሐረግ ከሚሥል እጅ በምን ያንሳል? ብራናውን ቅርስ ብለን ቆልፈን እናስቀምጣለን። አንገቷን ግን ጠባሳ አልነው።

ቅርጾቹም ብዙ ናቸው። አንገት ላይ ከአገጭ ሥር ጀምረው ወደ ደረት የሚወርዱ ክብ መስመሮች አሉ። በመስመሮቹ መካከል ነጠብጣብ፣ ጥርስ ጥርስ ያለ መስመር፣ ሦስት ማዕዘን፣ መስቀል፣ ፀሐይ የሚመስል ክብ ይገባል። መንጋጋን ተከትሎ የሚሄድ ረድፍ አለ። የእጅ ጀርባና የእጅ አንጓ ላይ የሚሠራ አለ። ግንባር ላይ መስቀል አለ። ድድም ይነቀሳል፤ ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የአንገቱ ንቅሳት ድሪ ነው። የብር ድሪ ይሸጣል፣ ይሰረቃል፣ በክፉ ቀን እህል ይሸመትበታል። ይሄኛው ድሪ ግን ድሃዋም ሴት አላት፤ ማንም አይወስድባትም።

አገሩ ደግሞ ይህን ውበት ያውቀው ነበር። ጎንደር የአዝማሪ አገር ነው። ማሲንቆ ይዞ ሴት የሚያወድስ አዝማሪ ዓይኗን፣ ጥርሷን፣ ሹሩባዋን፣ አንገቷን ሲጠራ ንቅሳቷን አይዘልም። ውዳሴ የተዘፈነለትን ነገር በአንድ ትውልድ ውስጥ ነውር አድርገን ማስቀመጣችን ያሳዝነኛል።

በግድ ነው የተደረገባቸው ለሚለው ሙሉ በሙሉ «ውሸት ነው» አልልም። ብዙዎቹ የተነቀሱት በልጅነታቸው ነው። እጃቸውንና እግራቸውን ተይዘው የተነቀሱም አሉ። ዛሬ አንድ ሰው ሕፃን ልጅ ላስነቅስ ቢል ከጸሐፊው ጎን ቆሜ አይሆንም እላለሁ። ልጅ አድጋ ራሷ ትወስን። ይህ ግን ሁሉም ሴቶች ተጎጂ ነበሩ ወደሚል አያደርሰንም። አያቴ የወገራ ሰው ነበረች። ስትነቀስ እንዳለቀሰች ትናገር ነበር። ከዚያ በፊትም እንዳለቀሰች ትናገር ነበር፤ ታላቅ እህቷ ተነቅሳ እሷ «ገና ነሽ» ስለተባለች። ሁለቱንም ለቅሶ በአንድነት ነበር የምትነግረን። ጸሐፊው አንዱን ብቻ ሰምተዋል።

የግንባር መስቀልን ጸሐፊው ከግራኝ አሕመድ ጦርነት ጋር አያይዘውታል። ያኔ በግድ የታተመ ነው ይላሉ። ጦርነቱ ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. የቆየ ነው፤ ያበቃውም እዚሁ ጣና አካባቢ፣ ወይና ደጋ ላይ ነው። የግንባር መስቀል ያን ጊዜ መጀመሩን የሚያሳይ ማስረጃ ግን በጽሑፋቸው ውስጥ አላገኘሁም። ሽማግሌዎች ሲያወሩ የሚሰማው ሌላ ነው። ማተብ ይበጠሳል፣ ግንባር ላይ ያለ መስቀል ግን አይበጠስም ይላሉ። ከቡዳ ይጠብቃል፣ ከዛርና ከክፉ መንፈስ ይከልላል ይላሉ። ተመሳሳይ ነገር ሌላም ቦታ ነበር። በኦቶማን አገዛዝ ዘመን የቦስኒያ ካቶሊኮች የሴቶች ልጆቻቸውን እጅ በመስቀል ይነቅሱ ነበር፤ እምነታቸውን ይዘው እንዲቆዩ። ሰው በፈራ ጊዜ የሚወደውን ነገር ገላው ላይ ይጽፋል።

ስለ መስቀሉ ሲነሳ አንድ ሌላ ነገር መነገር አለበት። ጸሐፊው ንቅሳትን የክርስቲያኖች ብቻ አድርገው ነው የጻፉት። የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን እናቶችም ተነቅሰው ነበር። መንደራቸውን ወለቃን የሚያውቅ ያውቃል። አንገታቸው ላይ መስመሩ፣ አንዳንዶቹም ግንባራቸው ላይ መስቀሉ ነበር። እንዴት መስቀል ሊነቀሱ ቻሉ ሲባል የሚሰጠው ምክንያት ይለያያል። ከጎረቤት ላለመለየት ነው የሚሉ አሉ፣ ለጤና ነው የሚሉ አሉ፣ ተገደን ነው የሚሉም አሉ። ቡዳ እየተባሉ ሲገለሉ የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ የመጨረሻውን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። በ1984 መጨረሻ እና በ1985 መጀመሪያ፣ ከዚያም በ1991 እ.ኤ.አ. በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ ያ መስቀል አብሯቸው ሄደ። አይሁዳዊት እናት ግንባሯ ላይ መስቀል ይዛ ኢየሩሳሌም መግባቷ ምን ያህል እንደከበዳት መገመት አያቅትም። አንዳንዶቹ አስጠፍተውታል። መብታቸው ነው። ጸሐፊው ግዴታ ስለሚባለው ነገር መጻፍ ከፈለጉ ቦታው እዚህ ነበር። አላነሱትም።

«ኦሪት ይከለክላል፤ ነገሩ አለቀ» የሚለው ክፍል ረጅም ነው። ጥቅሱ ዘሌዋውያን 19፥28 ነው። ሙሉውን ግን አላስቀመጡትም። ጥቅሱ የሚጀምረው ስለ ሞተ ሰው ሥጋን አትንጩ በማለት ነው። ከዚያ ነው ገላችሁን አትንቀሱ የሚለው። ዘዳግም 14፥1ም ስለ ሞተ ሰው ሲባል ገላን መቁረጥን ይከለክላል። ስለዚህ ነገሩን ከዚያ ዘመን አሕዛብ የሐዘን ሥርዓት ጋር አያይዘው የሚያስረዱ መምህራን ብዙ ናቸው።

ፊት መንጨትን ደግሞ ለጎንደር ሰው ማንም አያስረዳውም። ልቅሶ ላይ ፊቷን ነጭታ ደም በደም የሆነች እናት ያላየን አለን? ጥቅሱ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። ካህናትም ሲመክሩበት፣ ሲቆጡበት ኖረዋል። ጸሐፊው ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሱም። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 19 ከሁለት ዓይነት ክር የተሠራ ልብስ አትልበስ ይላል። ቁጥር 27 የራስ ጠጉርን ዙሪያውን አትከርከሙ፣ ጢምንም አታበላሹ ይላል። ፀጉር ቤት ገብቶ ጢሙን ተስተካክሎ የወጣ ሰው ከቁጥር 28 ግማሹን ብቻ መዞ ሌላው ላይ ሲፈርድ ልክ አይመጣም። ኢሳይያስ 44፥5 ደግሞ በእጁ ላይ «የእግዚአብሔር ነኝ» ብሎ ስለሚጽፍ ሰው የሚናገረው በመልካም ነው።

የንስሐ አባት ልጁን «አትነቀስ» ቢለው አልከራከርም። ለዛሬ ልጅ የሚሰጥ ምክር ነው፤ አባትነቱም ይፈቅድለታል። የእናቶቻችንን ግንባር በኃጢአት መዝገብ ማስገባት ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚያ እናቶች ሁዳዴን ጾመው፣ ፍልሰታን ጾመው፣ ቆርበው የሞቱ ናቸው። ያቆረባቸው ቄስ ፊት ለፊት ቆሞ ግንባራቸውን እያየ ነው ያቆረባቸው። ጸሐፊው ከዚያ ሁሉ ቄስ በላይ አወቁ ማለት ነው?

የባሪያና የወንጀለኛ ምልክት ነበር ለሚለው ብዙ አልቆይም። በግሪክና በሮም እውነት ነው። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተፈረደበት ሰው ፊቱ ላይ እንዳይነቀስ በሕግ ከልክሏል፤ ፊት የሰማያዊ ውበት አምሳል ነው ብሎ። ጃፓንም ወንጀለኛ ትነቅስ ነበር። ናዚዎች አውሽቪትዝ ላይ በሰው ክንድ ቁጥር ጽፈዋል። ይህ ሁሉ የሆነ ግፍ ነው። ነገር ግን በዚያው በጥንት ዘመን ትሬስ በሚባለው አገር መነቀስ የጨዋ ልጅ ምልክት ነበር፤ ያልተነቀሰው ነበር ወራዳ የሚባለው። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች የፊት ንቅሳት የዘርና የማዕረግ ምልክት ነው። በኋላ ኤድዋርድ 7ኛ ተብሎ የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነው ልዑል በ1862 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ላይ ክንዱ ላይ መስቀል ተነቅሷል። በጎንደር ወይም በአካባቢው ንቅሳት የባርነት ምልክት ሆኖ ማገልገሉን የሚያሳይ ነገር ጸሐፊው አላመጡም። የሮምን ግፍ አምጥተው የእኛ እናቶች አንገት ላይ ነው ያሰሩት።

ጤናው ላይ ግን ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ብዙ ነገር አለ። በአንድ እሾህ ወይም በአንድ መርፌ ብዙ ልጅ ይነቀስ ነበር። ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤች አይ ቪም በደም ይተላለፋሉ። ዛሬም ቢሆን ንጽሕናው ባልተጠበቀ ቦታ የሚነቀስ ወጣት ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። ይህን ለወንድሞቼና ለእህቶቼ እኔም እላለሁ። መርፌው ፊታችሁ ካልተከፈተ አትቀመጡ። ቀለሙ ለብቻችሁ ካልተቀዳ አትቀመጡ። ቆዳችሁ ሲቆስል ጠባሳው የሚያብጥና የሚያድግ ከሆነ ጭራሽ አትነቀሱ።

ከዚህ ተነስቶ «ይከልከል» ማለት ግን መፍትሔ አይሆንም። ኒውዮርክ ከተማ ሄፓታይተስን ፈርታ በ1961 እ.ኤ.አ. ንቅሳትን ከለከለች። ነቃሾቹ አልጠፉም፤ ተደብቀው ሠሩ። ክልከላው በ1997 ተነሳ። ጎንደር ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። የመነቀሻ ቤቶችን ንጽሕና የሚያይና የሚያስተምር ባለሙያ አይታጣባትም።

ጸሐፊው እንቅርት ያላቸው ሴቶች አንገታቸውን መነቀሳቸውን አንስተው የጻፉበት መንገድም አሳዝኖኛል። «እንቅርትን በጥላሸት ሊያክሙ» ብለው ተሳልቀዋል። ንቅሳት እንቅርትን አያድንም፤ እውነት ነው። እንቅርት በብዛት የሚመጣው ከአዮዲን እጥረት ነው። በደጋው አገር ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል፤ እህሉም ውሃውም አዮዲን ያጣል። አገራችን ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት የሚያስገድድ ደንብ ያወጣችው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ብዙ ቀደም ብላ የነበረችው የወገራ ወይም የደባርቅ ሴት ምን ታድርግ? ሐኪም የለም፤ አዮዲን ያለው ጨው የለም። ያላትን ሞከረች። በበረዶው ውስጥ የተገኘው የአልፕስ ሰውም አብዛኛው ንቅሳቱ ያለው ወገቡ፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ነው። አጥንቱ ሲመረመር እነዚያው ቦታዎች የተጎዱ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ለሕመሙ ነው የተነቀሰው ብለው የሚያስቡ ተመራማሪዎች አሉ። እሱን ሳይንቲስቶች በአክብሮት ያጠኑታል። የእኛ እናቶች ግን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆኖባቸው፣ በሕመሙ ላይ ስድብ ተጨመረላቸው።

ወደ ዘመቻው ልግባ። ጸሐፊው ሌዘር «በአንድ ቀን ያለ ምንም ምልክት» ያጠፋዋል ብለዋል። ይህን አምና የምትሄድ እናት ትጎዳለች። ቀለሙ ያለው ከላይኛው ቆዳ ላይ አይደለም፤ ከሥሩ ነው። እዚያ ያሉ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ቅንጣቱን ውጠው ይይዙታል። ሌዘሩ ቅንጣቱን ይሰባብረዋል፤ ከዚያ ሰውነት ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። ይህ ብዙ ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል፤ በየመካከሉም የሳምንታት ዕረፍት አለ። ጥቁርና ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሌዘሩ የቆዳውን የራሱን ቀለም ሊመታው ይችላል። ያኔ አረንጓዴ መስመር በነበረበት ቦታ ነጭ ወይም የጠቆረ መስመር ይተካል። ለእንዲህ ያለ ቆዳ ይሻላል የሚባለው 1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር ነው፤ ልምድ ያለው የቆዳ ሐኪምም ያስፈልገዋል። በአንድ ቀን ዘመቻ ሰልፍ አስይዞ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ቤት ውስጥ የሚሞከረው ነው። በጨው የሚፈትጉ አሉ። አሲድ የሚቀቡ አሉ። በጋለ ብረት የሚተኩሱ አሉ። «ጠባሳ ነው፣ ነውር ነው» የሚል ጽሑፍ በበዛ ቁጥር እንዲህ የሚያደርጉ ሴቶች ይበዛሉ። ጸሐፊው ይህን አስበውት ይሆን?

ማስጠፋት የምትፈልግ ሴት የለችም አልልም። ስትስቅ ድዷን በእጇ የምትሸፍን አውቃለሁ። የግንባሯን መስቀል በሻሽ ሸፍና ሥራ የምትገባ አውቃለሁ። ከፈለገች ታስጠፋው፤ ጥሩ ሐኪም ጋ ትሂድ፤ የሚረዳት ይኑር። ግን እስኪ ማን እንዳሳፈራት እንጠይቅ። ከገጠር መጥታ ትምህርት ቤት ስትገባ «ባላገር» ያልናት እኛ ነን። የከተማው ልጅ በክፍያ ክንዱን ሲነቀስ «ታቱ» ብለን አደነቅን፤ እሷን ግን ያረጀ ነገር አደረግናት። ጸሐፊው ሁለቱንም አንድ ላይ ኮነኑ እንጂ ይህን ልዩነት አላዩትም።

እኔ ሌላ ዘመቻ አለኝ። መርፌም ጨረርም አይፈልግም። የፋሲል ግንብ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት ከዓለም ዙሪያ በመጣ ሰው ፎቶ ተነስተዋል። ከተማችን ውስጥ ባየኋቸው የቅርስ ማሳያዎች ግን የንቅሳት ቅርጽ የተሰበሰበበት አንድ መዝገብ አላጋጠመኝም። ወለቃም፣ ወገራም፣ ደምቢያም፣ በለሳም ያሉ እናቶች አርጅተዋል። ነቃሾቹማ ከእነሱም ይበልጥ አርጅተዋል። የታሪክና የሥዕል ተማሪ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ አያት ያለው ማንኛውም ሰው ደብተርና እርሳስ ይዞ ሊጀምረው የሚችል ሥራ ነው። ለመነቀስ የሚያስበውም ወጣት ከስልኩ ላይ ቅርጽ ከመፈለጉ በፊት አክስቱን ቢጠይቅ የተሻለ ያገኛል።

የሚጠየቀውም ቀላል ነው። ማን ነቀሰሽ? ስንት ዓመትሽ ነበር? ይሄኛው ቅርጽ ምን ይባላል? ከማን ጋር አብረሽ ተነቀስሽ? ነቃሿ ምን ተከፈላት? ሙያውን ከማን ተማረች? ወደሽ ነው ወይስ ተገደሽ? ይህም ይጻፍ፤ የተገደደችውም ቃል የወደደችውን ያህል ይከበር። ቀኑና መንደሩ ይመዝገብ። ፎቶ አልነሣም ካለች አይነሣ፤ ቅርጹን ወረቀት ላይ እያየችው መሳል ይበቃል።